ማርሽ ከመቀየራችሁ በፊት ሙቀቱን ጠይቁት

የሪሞት መኪናዬን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች የሚደርስባት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጉልበቷ ይከዳታል። ቃታውን እስከ መጨረሻው ስቤ እንደያዝሁ፣ ቀጥታው ላይ ከኋላዬ የነበሩት ተራ በተራ ያልፉኛል፤ አምስት ደቂቃው ሲሞላ ሞተሩ እጅ አያስነካም። የብርዱ ወራት በሙሉ እንዲህ አለፉ። ሞተር ተቃጠለ፣ ማርሽ ተገዛ፣ ስፒድ ኮንትሮለር (ለሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ) ተቀየረ፤ ችግሩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ይህን የምጽፈው ወደ ሪሞት መኪና ውድድር አዲስ የገባችሁ፣ ወይም ለልጃችሁ ገዝታችሁ አብራችሁ መሮጥ የጀመራችሁ ሁሉ እኔ የከሰርሁትን ገንዘብና ያጣሁትን እንቅልፍ እንድታተርፉ ብዬ ነው።

የምወዳደረው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ብርዱ ሲጠና ውድድሩ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ሰፊ አዳራሽ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍና መንገዱ በዚያ ላይ ይሠራል። የእኔ መኪና ከእውነተኛዋ አንድ አሥረኛ የምታህል፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚነዱ፣ ቱሪንግ የሚሏት ዓይነት ናት። የምሮጥበት ክፍል 17.5 ይባላል። ቁጥሩ ሞተሩ ውስጥ ያለውን የመዳብ ሽቦ ጥምጥም ይናገራል፤ ጥምጥሙ ባነሰ ቁጥር ሞተሩ ይፈጥናል፣ አምፔርም ይበላል። 13.5 ከ17.5 ይፈጥናል፤ 4.5 ደግሞ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

አገር ቤት የመኪና ዲናሞ ሲፈታ ያያችሁ ካርቦኑ እያለቀ እንደሚቀየር ታውቃላችሁ። ብረሽለስ የሚባለው ሞተር ካርቦን የለውም። ማግኔቱ መሐል ላይ ይሽከረከራል፣ ጥምጥሙ ዙሪያውን እንደቆመ ይቀራል፤ የትኛው ጥምጥም መቼ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኝ የሚወስነው ስፒድ ኮንትሮለሩ ነው። በ17.5 ክፍል ብዙ ክለቦች የሚያሮጡት ብሊንኪ በሚሉት ሕግ ነው። ስፒድ ኮንትሮለሩ በራሱ ታይሚንግ (ጥምጥሙ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበትን ጊዜ ቀደም ማድረግ) እንዳይጨምር ዜሮ ላይ ይደረጋል፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም እያለ ይህንኑ ለዳኛው ያሳያል። ሁሉም ተቀራራቢ ጉልበት ይዞ ስለሚሰለፍ ልዩነቱን የሚያመጡት ማርሹ፣ በሞተሩ ጀርባ በእጅ የሚዞረው ታይሚንግ፣ የመኪናዋ ቅልጥፍናና ነጂው ናቸው።

ችግሬን ስናገር ከየጠረጴዛው የመጣው ምክር አንድ ዓይነት ነበር፦ «ጥርስ ጨምር»። ሞተሩ ላይ የምትታሰረው ትንሿ ማርሽ ፒኞን ናት፤ እሷ የምታዞረው ትልቁ ማርሽ ስፐር ይባላል። ፒኞኗ ጥርስ ስትጨምር ሞተሩ አንድ ጊዜ በተሽከረከረ ቁጥር መኪናዋ ረዘም ያለ መንገድ ትሄዳለች። ጨመርሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በእርግጥ ፈጠኑ። እንደገና ጨመርሁ። ከመታጠፊያ ስትወጣ እየዘገየች መሄዷ ይታይ ነበር፤ ቀጥታው ላይ ስለምትሮጥ ግን ሁላችንም ዓይናችን እዚያ ላይ ቀረ። ይህ ጭነት የያዘ አይሱዙ እንጦጦን በአራተኛ ማርሽ እንዲወጣ ማስገደድ ነው። ሞተሩ ሊደርስበት ከሚገባው ሽክርክሪት በታች ተይዞ ሲታገል አምፔሩ ይወጣል፤ አምፔሩም ሙቀት ይሆናል።

ሙቀት የሚያደርሰውን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ «ትንሽ ቢሞቅ ምን አለበት» የሚል ሰው ብዙ ነውና። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ወደ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ25 ዲግሪ ተነሥቶ 95 የደረሰ ጥምጥም ተቃውሞው ከሩብ በላይ ጨምሯል ማለት ነው፤ በዚህም ከባትሪው ከመጣው ጉልበት ከበፊቱ የሚበልጥ ጎማ ጋ ሳይደርስ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መሐል ያለው ማግኔትም ሲሞቅ ይደክማል። በመጠኑ ከሆነ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ከመጠን ካለፈ ግን ከጉልበቱ ከፊሉ ለዘለቄታው ይጠፋል። ሰውን የሚያሳስተው ነገር፣ እንዲህ የደከመ ሞተር ባዶውን ሲሽከረከር ከአዲሱ በላይ መፍጠኑ ነው። ድምፁ ጤነኛ ይመስላል፤ ጉልበት ግን የለውም፣ አምፔሩንም ያለ ልክ ይስባል። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ሻጩ ባዶውን አሽከርክሮ ፍጥነቱን ቢያሳያችሁ በዚያ ብቻ አትመኑ። ከተመሳሳይ ሞተሮች ሁሉ በጣም የሚፈጥንና ብዙ አምፔር የሚስብ ከሆነ፣ መሐሉ ያለው ማግኔት፣ ሮተር የሚሉት፣ መቀየር እንዳለበት ቁጠሩ።

ነገሩ የተለወጠው እዚያው ክለብ ለብዙ ዓመታት የተወዳደሩ አንድ አዛውንት ጠረጴዛዬ አጠገብ የቆሙ ዕለት ነው። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሞተሬን ሲለኩት ከ200 ፋራናይት፣ ማለትም ከ93 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አነበበ። ስንት ጥርስ እንዳሰርሁ አልጠየቁኝም። ሞተሩን ፈትቼ መኪናዋን ያለ ሞተር እንድሰጣቸው ነው የጠየቁኝ። ስፐሩን በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ወዲያው ቆመ። የራሳቸውን መኪና አምጥተው ያንኑ ሲያደርጉ ስፐሩ አራቱንም ጎማ ይዞ ረጅም ጊዜ ዞረ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ያን ምሽት መኪናዋን አንድም ሳይቀር ፈታኋት። የኋላ ኩሽኔታዎች ውስጥ የምንጣፍ ክር ተጠምጥሞ ገብቷል፤ አንደኛው ኩሽኔታ በጣት ሲዞር እየተንገጫገጨ ነው። የኋላው ቺንጋ ከሚገባው በላይ ተወጥሯል። ፒኞኗና ስፐሩ መላወሻ እስኪያጡ ድረስ ተጣብቀዋል። ይህ ሁሉ ሸክም በሞተሩ ላይ ነበር፤ የምንጨምረው ጥርስ ደግሞ በዚያ ላይ ይደረብ ነበር። ኩሽኔታዎቹን አጥቤ ቀለል ያለ ዘይት ጠብ አደረግሁባቸው፣ የተበላሸውን ቀየርሁ፣ ቺንጋውን አላላሁ፣ ማርሾቹን ትንሽ አራራቅሁ። ጥርሱንም ታይሚንጉንም ሳልነካ በቀጣዩ ልምምድ ሞተሩ ወደ 165 ፋራናይት፣ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ወረደ። አምስተኛው ደቂቃ ላይም መኪናዋ ከመጀመሪያው ደቂቃ ብዙም ያልራቀ ሰዓት ታስመዘግብ ጀመር።

ስለዚህ ምክሬ የሚጀምረው ከማርሹ በፊት ነው። በምንጣፍ ላይ የምትሮጡ ከሆነ ከእያንዳንዱ የውድድር ቀን በኋላ ጎማዎቹን አውልቁና አክሱ ላይ የተጠመጠመውን ክር በቆንጢጣ አውጡ። ፒኞን ስታስሩ ቀጭን የጽሑፍ ወረቀት ቁራጭ በሁለቱ ማርሾች መሐል አስገቡ፣ ሞተሩን አስጠግታችሁ ብሎኑን አጥብቁ፣ ከዚያ ስፐሩን እያዞራችሁ ወረቀቱን አውጡት። ወረቀቱ ሳይቀደድ ተጨማድዶ ከወጣ መካከሉ ልክ ነው። ስፐሩ ፍጹም ክብ ስለማይሆን ሙሉ ዙር አዙራችሁ በየትኛውም ቦታ ትንሽ መላወሻ እንዳለው በጣታችሁ አረጋግጡ። የጥርሶቹ መጠንም፣ ፒች የሚባለው፣ ይመሳሰል፤ 48 ፒች ፒኞን ከ64 ፒች ስፐር ጋር ብታሠሯት ጥቂት ዙር ሳይሄድ ስፐሩ ጥርሱን ይጨርሳል።

ቴርሞሜትሩን በተመለከተ፣ በኮሮና ጊዜ ግንባር ለመለኪያ የገዛነው አይሆንም፤ የሚያነበው የሰው ሙቀት አካባቢ ያለውን ብቻ ነው። ለጋራዥ ወይም ለወጥ ቤት የሚሸጠውን ግዙ። መኪናዋ ከመንገድ እንደወጣች ወዲያው ለኩ፣ ሁልጊዜም ያንኑ የሞተሩን ቦታ ለኩ። ሞተሩ ከቆመ በኋላ የውስጡ ሙቀት ወደ ሽፋኑ ስለሚወጣ፣ አንድ ቀን ወዲያው፣ አንድ ቀን ከሁለት ደቂቃ በኋላ የተወሰዱ ቁጥሮች አይወዳደሩም። እኔ በውድድር መጨረሻ ከ160 እስከ 180 ፋራናይት፣ ከ71 እስከ 82 ዲግሪ ሴልሺየስ መሐል ሲሆን ደስ ይለኛል። ከ180 ሲያልፍ ጥርስ እቀንሳለሁ፤ ሽፋኑ ይህን ካነበበ ውስጡ የባሰ ነውና።

አሁን ወደ ማርሹ ሒሳብ። የስፐሩን ጥርስ ለፒኞኗ ጥርስ አካፍሉ፤ ያገኛችሁትን በመኪናዋ የውስጥ ቋሚ ቁጥር አባዙ። ቋሚ ቁጥሩ ከመኪናዋ ጋር በመጣው መመሪያ ላይ አለ፤ የእኔ 1.9 ነው። ስፐሬ 96 ጥርስ ስላለው በ42 ፒኞን 4.34 ይመጣል፣ በ44 ደግሞ 4.15፣ በ46 ወደ 3.97 ይወርዳል፣ በ48 ላይ 3.8 ይሆናል። ይህ የመጨረሻ ቁጥር ኤፍዲአር ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የመኪናዋ ከፍተኛ ፍጥነት ይጨምራል፣ ሞተሩም ይከብደዋል። የሌላውን ሰው የፒኞን ጥርስ ብቻ ሰምታችሁ አትቅዱ፤ ስፐሩና የውስጡ ቁጥር ካልተመሳሰሉ የእሱ 46 የእናንተ 42 ሊሆን ይችላል።

የጎማው ትልቅነትም ከዚህ ውስጥ ይገባል። የጎማዬ ዲያሜትር 63 ሚሊሜትር ስለሆነ ዙሪያው 198 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ4.34 ሳካፍለው ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲሽከረከር መኪናዋ ወደ 45.6 ሚሊሜትር ትሄዳለች፤ በ3.8 ከሆነ 52 ሚሊሜትር። ሞተሩ በደቂቃ 20,000 ጊዜ ቢሽከረከር የመጀመሪያው በሰዓት 55 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው ከ62 በላይ። በስፖንጅ ጎማ የሚሮጡ መኪኖች ጎማቸው እየተበላ ስለሚያንስ በውድድሩ ቀን መጨረሻ ጠዋት ያሰሩት ማርሽ ሌላ ማርሽ ሆኖ ያገኙታል፤ ለእነሱ ከኤፍዲአር ይልቅ ይህ የሚሊሜትር ቁጥር ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ የት ልጀምር ካላችሁ፣ የሞተሩ አምራች ለእናንተ ዓይነት መኪና የሚሰጠውን ቁጥር ያዙና ከዚያ በሁለት ጥርስ ያነሰች ፒኞን እሰሩ። ሦስት ደቂቃ ሩጡ፣ ለኩ። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ከሆነ አንድ ጥርስ ብቻ ጨምሩ፣ እንደገና ሩጡ፣ ለኩ። ሙቀቱን ብቻ አትዩ፤ የዙር ሰዓታችሁንም ተመልከቱ። ቀጥታው ላይ መፍጠን ደስ ይላል፤ ውድድር የሚያሸንፈው ግን የዙር ሰዓት ነው፤ በተለይ የአራተኛውና የአምስተኛው ደቂቃ ዙሮች። ብዙ ጠባብ መታጠፊያ ባለው መንገድ አንድ ጥርስ መቀነስ ሰዓት ሲያሻሽል ደጋግሜ አይቻለሁ። ቃታው ቀጥታው ከማለቁ ብዙ በፊት እስከ ዳር ተስቦ ሞተሩ ከዚያ ወዲያ ካልጨመረ ማርሹ አጭር ነው፤ ጥርስ ይጨመራል። ቀጥታው አልቆ ሞተሩ ገና እየጨመረ ከሆነ፣ ከመታጠፊያም ስትወጣ የምትዘገይ ከሆነ፣ ረዝሟል፤ ጥርስ ይቀነሳል።

በሞተሩ ጀርባ ያለው ታይሚንግ ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ሦስቱን ትንንሽ ብሎኖች አላልቶ ሽፋኑን ወደ ትልቁ ቁጥር ማዞር ሞተሩ በፍጥነት እንዲሽከረከር ያደርገዋል፤ ከታች የሚነሣበትን ጉልበት ግን ይቀንሳል፣ አምፔሩንም ይጨምራል። ስለዚህ ታይሚንግ ከተጨመረ ጥርስ ይቀነሳል፤ ታይሚንግ ከተቀነሰ ጥርስ ሊጨመር ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚጨምር ሰው በአንድ የልምምድ ቀን ሞተር ያቃጥላል። እኔ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ እንኳ እንደ መነሻ ብቻ ነው የማየው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሞተሮች በአንድ ምልክት ላይ ሆነው የተለያየ አምፔር ሲስቡ አይቻለሁ። የሞተር መፈተሻ መሣሪያ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ባዶ አምፔሩን አስለክታችሁ ጻፉት።

ወደ ስፒድ ኮንትሮለሩ ልምጣ። ከማንኛውም ነገር በፊት ከሪሞቱ ጋር መተዋወቅ አለበት። ሪሞት የቀየርሁ ጊዜ መኪናዬ በድንገት ደነዘዘች፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ፣ ባትሪው ጤነኛ፣ ማርሹ ያው። ምክንያቱ ቃታው እስከ ዳር ሲሳብ ስፒድ ኮንትሮለሩ «ገና ነው» ብሎ ማንበቡ ነበር። ሙሉ ጉልበት ለቅቆ አያውቅም። ስለዚህ ሪሞት በተቀየረ ቁጥር፣ ወይም በሪሞቱ ላይ የቃታ ልክ በተነካ ቁጥር፣ ሁሉንም ማስተካከያ ወደ ዜሮ መልሱ፣ የቃታውን ልክ መቶ በመቶ አድርጉ፣ መሐሉን፣ ሙሉውንና ፍሬኑን እንደገና አስተምሩት። ብዙ ስፒድ ኮንትሮለሮች ሙሉ ቃታ ሲደርስ በመብራት ያሳያሉ። ፒኞን ከመቀየራችሁ በፊት ያንን መብራት አይታችሁ እርግጠኛ ሁኑ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅንብሮች በአጭሩ ልናገር፤ ብዙዎቹ የሚያስፈሩትን ያህል አይደሉም። ፓንች የሚባለው ቃታው ሲሳብ ጉልበቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚለቀቅ ይወስናል፤ በ17.5 ብሊንኪ እኔ ከፍተኛው ላይ ነው የምተወው፣ በፈጣን ሞተር ላይ ግን ጎማ ስለሚያስንሸራትት ዝቅ ይላል። ድራግ ብሬክ ቃታ ስትለቁ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ነው፤ በእኔ ክፍል ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ይበቃል፤ መኪናዋ ወደ መታጠፊያ በነፃ ስትገባ ፍጥነቷን ይዛ ትወጣለች። በኪሎኸርዝ የሚነገረው ድግግሞሽ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚበራና እንደሚጠፋ) ዝቅ ሲል መኪናዋ ትቆጣለች፣ ከፍ ሲል ትለሰልሳለች፤ ከፍ ያለው ግን ስፒድ ኮንትሮለሩን ያሞቀዋል። የኋላ ማርሽ በውድድር አይፈቀድም፣ ዝጉት። በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አትቀይሩ፤ ሁለት ነገር ቀይራችሁ መኪናዋ ብትሻሻል የትኛው እንዳሻሻላት አታውቁም፤ ብትበላሽም እንደዚያው።

ቡስትና ቱርቦ የሚፈቀድበት ክፍል ስትገቡ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ቡስት ሽክርክሪቱ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ታይሚንግ እየጨመረ ይሄዳል። ቱርቦ ደግሞ ቃታው እስከ ዳር ተስቦ ሲቆይ ከዚያ በላይ የሚጨመር ነው። ሁለቱም በሞተሩ ጀርባ በእጅ ከተዞረው ጋር ይደመራሉ። አጠገቤ የነበረ ወጣት ከብሊንኪ ወደ ቡስት ሲሸጋገር ቅንብሩን ብቻ ቀይሮ ኤፍዲአሩ 4 አካባቢ በነበረው ማርሽ ሮጠ፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ጭስ ወጣ። ሞተሩ በቡስት የሚደርስበት ሽክርክሪት እጅግ ስለሚጨምር ያንን ረጅም ማርሽ መሸከም አይችልም። እኔ ስሸጋገር የእጅ ታይሚንጉን ዝቅ አድርጌ በ30 ፒኞን ጀመርሁ፤ በ96 ስፐር 6.08 ማለት ነው። ቱርቦውን ዜሮ ላይ አቆይቼ ቡስቱን ጥቂት ዲግሪ እየጨመርሁ፣ በየመሐሉ እየለካሁ ነው የሄድሁት። ቡስቱ የሚነሣበት ሽክርክሪት በመታጠፊያው መሐል ከምትሄዱበት በታች ከሆነ፣ ገና መሪ ይዛችሁ ሳለ ጉልበት ይመጣና የመኪናዋ ኋላ ይከዳችኋል። መነሻውን ከፍ አድርጉት፤ መሪው ሲቃና እንዲመጣ።

መኪና መሐል ላይ ስትደክም ምክንያቱን ለመለየት እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ከመንገድ እንደወጣች ሞተሩን፣ ስፒድ ኮንትሮለሩንና ባትሪውን በየተራ እለካለሁ። ሞተሩ ከሞቀ ሸክም አለበት፤ መጀመሪያ ኩሽኔታና ቺንጋ፣ ቀጥሎ ጥርስ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ስፒድ ኮንትሮለሩ ከሞቀ ራሱን ለማዳን ጉልበት ቀንሷል ማለት ነው፤ ማራገቢያው ይሠራ እንደሆነ፣ ድግግሞሹ ከፍ ብሎ እንደሆነ አያለሁ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ባትሪው ነው። የሁለት ሴል ሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስፒድ ኮንትሮለሩ በሴል 3.2 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ይቆርጣል። ያረጀ ባትሪ ቆሞ ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፣ ቃታ ሲሳብ ግን ቮልቱ ይወድቃል። ስፒድ ኮንትሮለራችሁ የሩጫውን ዝቅተኛ ቮልትና ከፍተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ከሆነ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ተመልከቱት። የማትጠቀሙበትን ባትሪ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጡ፤ ያበጠውን ደግሞ «ለልምምድ ይሆናል» ሳትሉ አስወግዱ። ቻርጅ ላይ እያለም ትታችሁት አትውጡ።

ስለ ሽቦዎቹ ሦስት ነገር ብቻ። ሴንሰር (ማግኔቱ የት እንደደረሰ ለስፒድ ኮንትሮለሩ የሚነግር) ባለው ሞተር ኤ ከኤ፣ ቢ ከቢ፣ ሲ ከሲ ጋር ነው የሚበየደው፤ ሴንሰር በሌለው ሞተር አቅጣጫ ለመቀየር ሁለት ሽቦ እንደሚለዋወጠው እዚህ ላይ አይደረግም፤ ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ስትበይዱ 60 ዋት ያህል ጉልበት ያለው ካውያ ያዙ፤ ደካማ ካውያ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ሽቦውንም መሠረቱንም ያሞቃል። መኪናዋ ስትነሣ ብትንቀጠቀጥ ወይም ብትደናቀፍ ደግሞ ሞተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ቀጭኗን የሴንሰር ገመድ ቀይሩ፤ ርካሽ ናት፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የእሷ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለምትሮጡ ሦስት ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ከውጭ በተጻፈ ምክር ላይ ያገኛችሁትን ማርሽ ስትወስዱ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ቀንሳችሁ ጀምሩና ሙቀቱን እያያችሁ ጨምሩ። አስፋልት ላይ ስትሮጡ አቧራው ኩሽኔታውን ቶሎ ስለሚበላው እኔ በምንጣፍ ክር ምክንያት ከማጥበው በላይ ማጠብ ይኖርባችኋል፤ ጎማ ለበስ የሆኑ ኩሽኔታዎችን ምረጡ። ዘመድ ከውጭ ባትሪ ሲያመጣላችሁ ደግሞ ሊፖ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። 7.4 ቮልት፣ 6,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነው ባትሪ 44.4 ዋት ሰዓት ስለሆነ በተለምዶ ከሚፈቀደው 100 ዋት ሰዓት በታች ነው፤ መጠኑ ባትሪው ላይ ተጽፎ ይታይ፣ ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ፣ ሙሉ ቻርጅ ሳይደረግ ይታሸግ። ተጓዡ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ፍተሻ ላይ ያስወጡታል፣ ባትሪውም እዚያው ይቀራል።